ሳር የለበሰ ቆርቆሮ

የካቲት 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ሱቁን በስድስት ሰዓት ዘጋሁ። በዚህ ሰዓት የሚገዛ የለም፤ ቢኖርም ዕቃውን መንካት አይችልም። ጠዋት ቆርቆሮ ሊጭን የመጣ ወዛደር እጁን በጆንያ ጠቅልሎ፣ «እትዬ ገበያነሽ፣ ይኼን የሚሸጡት በቅጠል ነው በፍም?» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ ሲሄድ መዳፌን አየሁት፤ የእኔም ተልጧል።

ሐሩሩ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ይዞናል። ከሐይቁ የሚመጣው የከሰዓት ነፋስ እንኳ ዘንድሮ የምድጃ ትንፋሽ ሆኗል። ሰው ሁሉ በልጉን እየጠበቀ ታቦር ተራራ ላይ ደመና ይፈልጋል። እኔ የምፈልግበት ጊዜ የለኝም፤ ሥራ አለኝ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አዋሳ እንድታምር ተብሎ፣ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ «ክዳናቸው ሳር የሆኑ ቤቶች» እስከ የካቲት 30 በቆርቆሮ ይለወጡ የሚል መመሪያ ወጥቷል። በቀበሌያችን ቆርቆሮ የምሸጠው እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ገበያ አላየሁም። ሰው እንዳያመነታ ብዬ በጥር መጀመሪያ ከሁሉ ቀድሜ ያስለወጥኩት ከሱቁ ጀርባ ያለውን የእናቴን ቤት ነው። ሊቀ መንበሩ ግዛቸው በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ፣ «አርአያ» ብሎ አስጨበጨበልኝ። በሳምንቱ ሱቄ በር ላይ ሰልፍ ሆነ።

እማዬ ያን ቀን ብዙ አልተናገረችም። ግቢ ውስጥ የተከመረውን ሳር እያየች፣ «አባትሽ ያስከደነው ነበር» አለች። በቃ፣ ያችን ብቻ።

የካቲት 13

ጎረቤታችን ጡረተኛው ፖስተኛ አቶ ገብረየስ ዛሬም ከቤታቸው ውጭ ናቸው። ከእኔ በወሰዱት አሥራ ስምንት ቅጠል ቆርቆሮ ካስከደኑ ወዲህ ቀን ቀን ውስጥ መቀመጥ አልቻሉም። በርጩማቸውን ይዘው የቤቱን ጥላ እየተከተሉ ይዞራሉ፤ ጠዋት በስተ ምዕራብ፣ ከሰዓት በስተ ምሥራቅ። ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው ከግድግዳው ሥር ይገባና መሄጃ ያጣሉ።

«ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሳድል እንዲህ አልዞርኩም» አሉኝ።

«ኮርኒስ ያስገቡበት አባቴ፤ አቡጀዴም ቢሆን ይወጠርበት።»

«አቡጀዴ በኩፖን ነው ልጄ። የደረሰኝን ለከፈኔ ነው ያስቀመጥኩት።»

እየሳቁ ነው የተናገሩት። እኔም ሳቅሁ።

የካቲት 19

ዐቢይ ጾም ገባ። እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ታቢታ፣ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ ጎረቤታችን፣ ማታ ስትመለስ ገብታ ለመነቻት።

«እማማ፣ ምግቡ ይቅር። ውሃ ብቻ ይጠጡ። በዚህ ሙቀት የእርስዎ ዕድሜ ሰው ውሃ ካልጠጣ ይደርቃል።»

«አንቺ ጴንጤ ነሽ፣ ልጄ» አለቻት እማዬ፣ በፍቅር። «የእናንተ ጌታ ይቅር ባይ ነው ይባላል። የእኛም ነው፤ ግን መጀመሪያ ያያል።»

ታቢታ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ምን ላድርግ? እናቴ ናት። ከእሷ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላውቅም፤ አባቴም አላሸነፈም።

ወደ ይርጋለም ወደ አክስቴ ልጅ ልላካት አስቤ ነበር፤ እዚያ ይበርዳል። «ገብርኤልን ጥዬ?» አለችኝ። ነገሩ እዚያው ተዘጋ።

የካቲት 24

አቶ ገብረየስ ሞቱ። ስምንት ሰዓት ላይ። ጥላ አጥተው ገብተው ጋደም ብለው ነበር ይባላል። ሱቅ አልከፈትኩም።

የካቲት 27

ለቅሶ ቤት ዋልኩ። ድንኳኑም ሸራ ስለሆነ ሰው ይፈላል። ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ «በሳር ቤት ሰባ ዓመት ኖረው በቆርቆሮ አርባ ቀን አልሞሉም» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ ክርኗን ነካቻት። አልዞርኩም።

ሰውዬው አርጅተው ነበር። ልባቸውም ደካማ እንደነበረ ሁሉም ያውቃል። ቆርቆሮ ሸጥኩ እንጂ ፀሐይ አልሸጥኩም። መመሪያውንም እኔ አላወጣሁትም። ያለ ቆርቆሮ ቢቀሩ ቤታቸው ይፈርስባቸው ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሽታዬ ስወጣ እጄን ያዙና፣ «ስለ መጣሽ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 3

ታቢታ የሰው ትኩሳት መለኪያዋን ይዛ መጣች። ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ወደ እማዬ ክፍል ገባን። የእማዬን ለካች፤ ሠላሳ ስምንት። ከዚያ መለኪያውን አራገፈችና ሜርኩሪው ሲወርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ማንም ሳይነካው ሜርኩሪው መውጣት ጀመረ። አርባ ላይ ደርሶ አለፈ።

«ታሟል» አለች ታቢታ።

«ማን?»

«ቤቱ።»

እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ አለቀባት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ለዘጠኝ አንድ ሰዓት ይቀራል። ውሃውን አቀረብኩላት። አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ውጭ እንዳናሳድራት ወባ ነው። ውስጥ እንዳናውላት ቆርቆሮ ነው። ሱቁም ያው ቆርቆሮ ነው። ሌላ መንገድ መኖር አለበት። ለሸጥኩት ዕቃ መላ ካጣሁለት፣ ዕቃውን አላወቅሁትም ማለት ነው።

መጋቢት 4

ታቢታን ጠየቅኋት፤ በእናንተ በሲዳማዎች አገር የሳር ቤት ቀን ላይ እንዴት ነው? «የእናቴ ቤት ውስጥ ቀትር ላይ ጋቢ ይፈለጋል» አለች። በቀርከሃ ላይ የእንሰት ቅጠል፣ በዚያ ላይ ሳር። ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ስኖር ጠይቄ አላውቅም። የማፈርሰውን ነገር ምን ብዬ እጠይቃለሁ።

መጋቢት 7

ቡሹሎ ሄጄ ጋሽ ደበሌን አገኘሁት። የዚህን ከተማ ግማሽ ሳር ቤት የከደነው እሱ ነው። ከጥር ወዲህ ሥራ የለውም፤ ምክንያቱን እሱም እኔም እናውቃለን። ግቢው ውስጥ ከሐይቁ ዳር ያጨደውን ፊላ እየጎነጎነ ምንጣፍ ይሠራል። ሂጂ አላለኝም፣ ተቀመጪም አላለኝም።

«ቤት እንድትከድንልኝ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።»

«ሚስማር መምታት አልችልም።»

«ሚስማር አይደለም። ሳር ነው። ቆርቆሮው ላይ።»

ፊላውን አስቀመጠ። «ቆርቆሮው ላይ?»

«አዎ።»

«በረደው እንዴ ቆርቆሮሽ፣ ልብስ የምታለብሺው?»

«እኛ ሞቆን ነው።»

እስኪያስለው ሳቀ። ሚስቱን በሲዳምኛ ጠርቶ ነገራት፤ እሷም ከውስጥ ሳቀች። እስኪጨርሱ ቆየሁ። የመጣሁት ለመከበር አይደለም። ሳቁ ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ መዳፉን አፈር ላይ አሳረፈና እንደ መሐንዲስ ማሰብ ጀመረ።

«በቀጥታ ካስተኛነው አብሮ ይግላል። ደረቅ ሳርም ከሆነ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። መጀመሪያ ቀርከሃ፣ በቆርቆሮውና በቀርከሃው መካከል አራት ጣት ነፋስ ይለፍ። ከዚያ የእንሰት ቅጠል፣ ከዚያ እርጥብ ፊላ። ጠዋትና ማታ ውሃ ታጠጪዋለሽ። እንደ ከብት።»

«መቼ ትመጣለህ?»

«ያንቺም ዕቃ ቅጠል ነው የሚባለው፣ የእኔም ቅጠል ነው የሚባለው» አለ። «የቱ ቅጠል እንደሆነ እናያለን። ነገ።»

መጋቢት 11

ተጠናቀቀ። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያል። «ቆርቆሮ ሻጭዋ አበደች» አለ አንዱ ለሌላው፣ እንድሰማ ብሎ። ይበል።

ስምንት ሰዓት ላይ ታቢታ መለኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሜርኩሪው ከታች ንቅንቅ አላለም። ሠላሳ አምስትን ካልነካ አይጀምርም አለችኝ። እማዬ ተኝታለች፤ ከጾሙ ወዲህ ቀን ላይ ስትተኛ ዛሬ ነው ያየኋት።

መጋቢት 13

የታቢታን ቤት አለበስን። ከዚያ የወይዘሮ ሽታዬን። የእሳቸውን ያለ ዋጋ ነው ያሠራሁት፤ ለማስታወቂያ ነው። ቤታቸው ከመንገዱ ፊት ለፊት ስለሆነ ሰው ያየዋል።

መጋቢት 16

ግዛቸው መጣ። ልጅ ነው፣ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ወትሮ እርስዎ ይለኛል። ሲቆጣ አንቺ ይላል።

«ጓዲት ገበያነሽ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ፊላ ነው።»

«እሱንማ አየሁ። ለምን?»

«ስለሞቀን።»

«አገሩ ሁሉ ሞቆታል። አገሩ ሁሉ ሳር ተሸከመ?»

«ገና ነው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ኋላ ቀርነት ነው አለ። ሌላው ወደ ፊት ሲሄድ አንቺ ሰውን ወደ ኋላ ትጎትቻለሽ አለ። እንግዶች ከመሐል አገር ሲመጡ ምን ይላሉ አለ። እሳት ቢነሣስ አለ። እሳቱን በተመለከተ እውነቱን ነው፤ ስለዚህ ወስጄ የውሃ በርሜሎቹን አሳየሁት፤ በየቤቱ ደጅ ሁለት ሁለት፣ ባልዲ ከነገመዱ። ይህን አልጠበቀም ነበር። «የንግድ ፈቃድሽ በእኛ ድጋፍ ነው የሚታደሰው። አስቢበት» ብሎ ሄደ።

አስቤበታለሁ። ፈቃዱ ከታገደ ሱቁ ይዘጋል። ፊላው ከወረደ እናቴ ፋሲካን አታይም። ሁለቱን ሚዛን ላይ ማስቀመጥ እንኳ አላስፈለገኝም። እኔ ሳስብ ቶሎ ነው የምጨርሰው።

መጋቢት 22

ከመንግሥት የሚደርሰኝ የቆርቆሮ ድርሻ ታገደ። ደብዳቤ የለም፣ «ቆዪ» ብቻ። ግድ የለም። ጋሽ ደበሌ ሁለት ሰው ጨምሯል። ቀርከሃና ፊላ እየሸጥኩ ነው። ሐይቅ ዳር አንድ ምግብ ቤት ያለው ሰው ለዓሣ ማስቀመጫው አሠራ፤ ጠዋት የገዛው ዓሣ እስከ ቀትር ይሸትበት ነበር። መጋዘኔ ውስጥ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል።

መጋቢት 27

የቀበሌ ስብሰባ። ሰው በወረቀት እያራገበ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ራሷን ስታ ወጣች። ግዛቸው ወደ ላይ የላከውን ሪፖርት አነበበልን። «በቀበሌያችን የሳር ክዳን መቶ በመቶ ተወግዶ ታሪክ ሆኗል።» ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የምስጋና ደብዳቤ መጥቷል።

ከሁሉ አብልጬ አጨበጨብኩ። ግዛቸው ተገርሞ አየኝ።

ሚያዝያ 2

በልጉ አልገባም። ከቡሹሎ የመጡ ሴቶች በቆሎው በቡቃያው ጠወለገ ይላሉ። ከብት ሐይቅ ውስጥ እስከ አንገቱ ገብቶ ይውላል። ቁራ እንኳ አፉን ከፍቶ ነው የሚቀመጠው። የለበሱ ቤቶች አሥራ አንድ ደረሱ።

እማዬ ከስታለች። ግን ትተኛለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ውሃውን ራሷ ትጠይቃለች።

ሚያዝያ 6

ወረቀት ደረሰኝ። «እስከ ሚያዝያ 12 ቀን በራስሽ ካላወረድሽ በቀበሌው ኃይል ይወርዳል፤ የንግድ ፈቃድሽም እንዲታገድ ይጻፋል።» ከፋሲካ በኋላ የሚጎበኝ ቡድን አለ። አሥራ ሁለት ስቅለት ነው። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቀኑን የመረጠው አውቆ ነው። እኔም ያደግሁት ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሒሳብ አላጣም።

ሚያዝያ 12፣ ስቅለት

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እማዬ ሊነጋ ሲል ነጭ ለብሳ ወጣች። አክፍሎትም ይዛለች፤ እስከ እሁድ ሌሊት ዶሮ ጩኸት ምንም ላትቀምስ ነው። በሩ ላይ ቆምኩባት።

«ዛሬ ፀሐዩ ይገድላል። እዚሁ ስገጂ። ቤትሽ ቀዝቃዛ ነው።»

«እሱ የተሰቀለው በጥላ ነው?» አለችኝ። «ልቀቂኝ፣ ልጄ።»

ለቀቅኋት። እኔ ልቅር አልኩ፤ ጣሪያውን የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ታቢታን ከእሷ ጋር እንድትሄድ ለመንኳት። እሷ ሃይማኖቷ ሌላ ነው፤ ግን ነጠላ አጣፍታ ሄደች።

ሦስት ሰዓት ላይ ግዛቸው ሁለት ሚሊሻ፣ መሰላልና መንሽ ይዞ መጣ። መሰላሉን ከእማዬ ቤት ግድግዳ አስደገፉ።

«ጨርሻለሁ ካንቺ ጋር። ይወርዳል» አለ።

«ይውረድ። መጀመሪያ ግን ይጻፍልኝ።»

«ምን ይጻፍ?»

«መመሪያው የሚከለክለው ክዳናቸው ሳር የሆኑ ቤቶችን ነው። ‹ይህ ቤት ክዳኑ ሳር ነው› ብለህ ጻፍ፣ ፈርም፣ ማኅተም አድርግበት። ከዚያ መሰላሉን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ከሚሊሻዎቹ አንዱ ወደ ላይ አየ። «ክዳኑማ ከሥር ቆርቆሮ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«እውነቱን ነው» አልኩ። «ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ፊላው ልብሱ ነው። ልብስ የሚከለክል መመሪያ ካለ አሳየኝ። የለም፣ ክዳኑ ሳር ነው ካልክ ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ አሥራ አንድ የሳር ቤት አለ። መቶ በመቶ ብለህ የላክኸውን ሪፖርት ምን እናደርገዋለን? የምስጋናውንስ ደብዳቤ?»

ላብ ከጆሮው ሥር ወረደ። ቆብ አልነበረውም።

«እየዛትሽብኝ ነው?»

«እያስመረጥኩህ ነው። እንደ ማንኛውም ደንበኛ።»

ሚሊሻዎቹ ወደ ግድግዳው ጥላ ተጠግተው ቆሙ። ግዛቸው የእማዬ በር ላይ ደርሶ አንገቱን አስገባ። ሳይወጣ ትንሽ ቆየ። የሚመለከተው ነገር አልነበረም፤ አልጋና ጠረጴዛ ብቻ ነው። ሲመለስ ድምፁ ወርዷል።

«የሚጎበኘው ቡድን ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

«ቆርቆሮው ለመስከረሙ በዓል እንደ አዲስ እንዲያብለጨልጭ ከፀሐይና ከዝገት ተሸፍኗል በል። በዋዜማው እናወርደዋለን። ያኔ ክረምቱ አልፏል፣ ሙቀቱም የለም።»

ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ሚሊሻዎቹን፣ «መሰላሉን አንሡ» አላቸው። ደጃፉን ሲሻገር ሳይዞር፣ «እርስዎ ግን…» አለና ተወው።

ለመደሰት ጊዜ አላገኘሁም። ሰባት ሰዓት ላይ እማዬን በቃሬዛ አመጧት።

ስትሰግድ ወድቃ ነው። ቆዳዋ እንደ ጋለ ድንጋይ ነው፣ ላብ የለም፣ ብትጠራም አትሰማም። ታቢታ ነጠላዋን ጥላ ከፊት ትሮጣለች። አልጋዋ ላይ አስተኛናት። ታቢታ ጨርቅ እየነከረች አንገቷ ላይ፣ ብብቷ ውስጥ፣ እግሯ ላይ አደረገች። እኔ አራገብኩ። ባልዲው ሲያልቅ ለጣሪያው ካስቀመጥነው በርሜል ቀዳሁ። ሜርኩሪው ከአርባ አንድ በላይ ነበር። ቤቱ ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ ይህን እጽፈዋለሁ፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር። ታቢታ በኋላ፣ «ባዶው ቆርቆሮ ሥር አምጥተናት ቢሆን ኖሮ…» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች።

አቶ ገብረየስን ማንም እንዲህ ያለ ቤት አላስተኛቸውም። ቆርቆሮ ሸጥኩ እንጂ… ይህን ዐረፍተ ነገር ከዚህ ወዲያ አልጽፈውም።

አሥር ሰዓት ግድም ዓይኗን ገለጠች። እማዬ ምራቋን ስትውጥ ታቢታ አየችና፣ «አሁን መዋጥ ትችላለች። በማንኪያ፣ ቀስ እያልሽ» አለችኝ። አክፍሎቱን ታውቃለች። ወደ እኔ አየች፤ ፈቃድ የምትጠይቅ መሰለች። ማንኪያውን ተቀበልኳት። ትንሽ ስኳርና ጨው አደረገችበት። አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ሌላ። ሲመሽ አንድ ጆግ አልቋል።

ሚያዝያ 13፣ ቀዳም ሹር

ጠዋት ለቄጤማ የሚዞሩት ቄስ ድምፅ ሲሰማ ነቃች። ትኩሳቱ ወርዷል። ራሷን ችላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያየችው ማንኪያውን ነው።

«ገበያነሽ።»

«አቤት እማዬ።»

«ውሃ አቀመስሽኝ?»

ሊቀ መንበር ፊት አንደበቴ አልተያዘም ነበር። እዚህ ግን ተያዘ። «ከንፈርሽ ደርቆ ነበር» አልኩ። «አረጠብኩት።»

ባዶውን ጆግ አየችው። «በዚያ ሁሉ?»

«በጣም ደርቆ ነበር።»

ዓይኗን ወደ ቆርቆሮው አነሣች። ከላዩ ጋሽ ደበሌ የሚያጠጣው ውሃ በፊላው ውስጥ ሲሰርግ ይሰማል። ልትቆጣ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ይምጣ፣ ፈርቼ አላውቅም። ከፈለገች ለንስሐ አባቷ ትክሰሰኝ፤ ደግሜም አደርገዋለሁ።

«ዶሮ እስኪጮህ ገና ሙሉ ቀን አለ» አለች በመጨረሻ፣ መልሳ እየተጋደመች። «እንግዲህ ከንፈሬ እንዳይደርቅ፣ አደራ።»